እጄን ይነዝረኛል

አቶ ዓምሃ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጳውሎስ አካባቢ ካለ መድኃኒት ቤት ወጥተው የታክሲውን ሰልፍ ሲያዩ ገና ከሩቁ ተማረሩ። ሰልፉ ከአስፋልቱ ጠርዝ ተነስቶ፣ የጁስ ቤቱን በር አልፎ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ድረስ ተጠማዟል። በእጃቸው የሐኪም ወረቀትና ትንሽ ፌስታል ይዘዋል። ፌስታሉ ውስጥ ያለው የነርቭ ቫይታሚን ነው፤ ለእሳቸው ሳይሆን ለባለቤታቸው ለወይዘሮ የዓለምወርቅ። ይህን መድኃኒት ሲገዙ የዛሬው ሦስተኛቸው ነው።

«አባባ ዓምሃ! ኧረ በዚህ ይምጡ፣ ከፊቴ ይግቡ!»

ዞር ሲሉ የጎረቤታቸው የባለሱቁ የኑሪ ልጅ ረይሃና ናት። ሰማያዊ የሥራ ቱታ ለብሳ፣ ሂጃቧን አንገቷ ሥር ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ ትከሻዋ ላይ የመፍቻ ቦርሳ አንጠልጥላለች። ከቴክኒክ ኮሌጅ በኤሌክትሪክ ሙያ ተመርቃ አዳዲስ ሕንፃዎች ላይ ሽቦ መዘርጋት ከጀመረች ሁለት ዓመት አልፏታል። አቶ ዓምሃ ግን ዛሬም የሚያዩዋት በአጥሩ ቀዳዳ አንገቷን አስግጋ «እትዬ፣ ዳቦው አልደረሰም?» ትል እንደነበረችው ልጅ ነው።

«ረይሁ! አንቺ ሴት፣ ዛሬም ሽቦ ስትጎትቺ ዋልሽ?»

«ገና ረፋድ እኮ ነው አባባ፤ ስትጎትቺ አረፈድሽ ይበሉኝ።»

ከኋላ የቆመ ጎልማሳ «ሰልፍ ነው እናት!» ብሎ አጉረመረመ። ረይሃና «አባቴ ናቸው፣ ቦታ ይዤላቸው ነው» አለችው፤ እሱም የሽማግሌውን ሽበት አይቶ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለላቸው።

«እትዬ የዓለምወርቅስ ደህና ናቸው?»

ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ሰው ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ያልፋል። አቶ ዓምሃም አፋቸውን የከፈቱት ይህንኑ ለማለት ነበር። ነገር ግን ሐዘን ያደረበት ሰው በልጅነቷ የሚያውቃት ልጅ ፊት ለፊቱ ቆማ በለዘብታ ስትጠይቀው፣ የለመደው መልስ አልወጣ ይለዋል። የሐኪሙን ወረቀት አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

«እጇ ነው ልጄ። ቀኝ እጇ። ይነዝራታል።»

«ይነዝራቸዋል?»

«በፊት ጣቷ ጫፍ ላይ ብቻ ነበር። አሁን እስከ ክርኗ ይወጣል። ክሊኒክ ወስጃት ሐኪሙ ‹ምን ይሰማዎታል?› ሲላት ‹እጄን ይነዝረኛል› አለችው። በመዶሻ ነካ ነካ አደረጋት፤ ደሟን አስመረመረ። ስኳር የለባትም፣ ግፊት የለባትም። ‹ነርቭ ሊሆን ይችላል› ብሎ ይሄን አዘዘ። መቼም መድኃኒቱን ስትውጥ ሰዓት አታዛንፍም። ግን ምንም የለም። ከትናንት ወዲያ ዳቦ እያወጣች ጮኸችና ትሪውን ከነዳቦው ለቀቀችው። ከዚያ ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹ዓምሃ፣ ይሄ እጅ ከእንግዲህ የእኔ አይደለም።› አርባ ዓመት ያጎረሰኝ እጅ ነው እኮ፣ ረይሁ።»

ሰልፉ ሁለት እርምጃ ተንቀሳቀሰ፤ እነሱም አብረው ተንቀሳቀሱ። ከዚያ ረይሃና እንደ ሐኪም መጠየቅ ጀመረች።

«አባባ፣ ሁልጊዜ ነው የሚነዝራቸው?»

«አይ፣ ሲነሳባት ነው።»

«ልብስ ሲያጥቡስ?»

«ልብስ ስታጥብ ሰምቼ አላውቅም።»

«ቁስቋም ሲስሙ፣ ዳገቱን ሲወጡ?»

«ኧረ እዚያስ ከእኔ ትሻላለች! እኔ ነኝ ጥላ የምፈልግ።»

«ልጅዎ ሩታ ጋ ሐዋሳ ሄደው ሲሰነብቱስ?»

«እሱንማ ተይው። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንዲት ቀን እንኳ አላመማትም። የአየሩ ነው ተባብለናል፤ ሙቀቱ ተስማማት። እንደውም ጓዛችንን ጠቅልለን እንውረድ ወይ እስከ ማለት ደርሰን ነበር።»

«ታዲያ የሚነሳባቸው መቼ ነው?»

«ስትጋግር ነው። ሊጡን ስታቦካ እንኳ ደህና ናት። ኦቭኑ ውስጥ ስታስገባና ስታወጣ ነው። ትሪው ከባድ ነው፤ ክብደቱ ነርቩን ይጫነዋል።»

«አባባ፣ እግራቸው ላይ ምን ያደርጋሉ?»

አቶ ዓምሃ ባለፉት ሳምንታት ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባቸው ሳቁ። «እጇን አመማት ስልሽ እግሯን ትጠይቂያለሽ? ማድ ቤትማ በባዶ እግሯ ናት። ታውቂያት የለ፣ ወለሉን አጥባ ሳትጨርስ አትጋግርም። እርጥቡ ላይ ጫማ ማንንም አታስረግጥም።»

የረይሃና ፊት ግን አልሳቀም። ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ እግሯ መሃል አስቀመጠችው።

«አባባ፣ አይቆጡኝ። በሽታው እትዬ እጅ ላይ አይደለም። ኦቭኑ ላይ ነው። እትዬን ኤሌክትሪክ ነው የሚነዝራቸው።»

አቶ ዓምሃ ሳቃቸውን ሰበሰቡ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ይገባል። እኒህ ሰው ሠላሳ አምስት ዓመት ጎሚስታ ነበሩ። ጎማ ሲፈቱና ሲያስሩ፣ ሲነፉና ሲለጥፉ ነው ዕድሜያቸው ያለፈው። የቤታቸውን ነገር ሁሉ የሚሠሩት በራሳቸው እጅ ነው፤ ባለሙያ ጠርተው አያውቁም። ሩታ ኦቭኑን ገዝታ ስታመጣም የገጠሙት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ኦቭኑ ተሰደበ ማለት እሳቸው ተሰደቡ ማለት ነው።

«ይሄውልሽ ልጄ፣ ትምህርትሽን አከብራለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ግን እኔም ሞኝ አይደለሁም። እሷ ስትጮህ ጊዜ ጠርጥሬ ኦቭኑን ራሴ ነካሁት። በሩን፣ ጎኑን፣ ላዩን፣ በሁለት እጄ ዳበስኩት። አንዲት ነገር የለም! ኤሌክትሪክ ቢሆን እኔን ፈርቶ ይተወኛል?»

«ሲነኩት ምን ተጫምተው ነበር?»

«አሁንም ወደ እግር ሄድሽ! ምን እጫማለሁ፣ ያው በርባሶዬን ነዋ።»

«በርባሶው ከምን የተሠራ ነው?»

«ከምን ይሠራል? ከጎማ! ከጭነት መኪና ጎማ። እኔ ራሴ ነኝ የቆረጥኩት፤ ዐሥር ዓመት ሆነው፣ ገና…»

ዝቅ ብለው እግራቸውን አዩ። ረይሃና ድምጿን አለዘበች።

«ጎማ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ አባባ። እርስዎ ጎማ ላይ ቆመው ነው የነኩት። እሳቸው በባዶ እግራቸው እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቆመው ነው የሚነኩት። ኤሌክትሪኩ ከኦቭኑ ገላ ተነስቶ በእጃቸው ይገባና በእግራቸው ወደ መሬት ይወርዳል። መሃል ላይ ያለው ደግሞ ልባቸው ነው።»

የመጨረሻዋን ቃል ስትናገር ታክሲ መጣ። ሰው ተጋፋ። ዐሥራ ሁለት ሰው ሞልቶ ሄደ፤ እነሱ ቀሩ። አቶ ዓምሃ ግን ታክሲውን አላዩትም።

«እንግዲያው በርባሶ ልቁረጥላት?» አሉ፣ ግማሹን በቀልድ፣ ግማሹን በልመና።

«በርባሶ በሽታውን ይደብቀዋል እንጂ አያድነውም። ይኸው ከእርስዎ ደብቆት የለ? አንድ ቀን ጫማው ይረጥባል፣ ወይ ይረሳሉ። አባባ፣ ሌላ አንድ ነገር ልጠይቅ። በጣም የሚብስባቸው ቀን የትኛው ነው?»

አቶ ዓምሃ ሊመልሱ ፈለጉና አፈሩ። ነገሩን ከሚስታቸው በቀር የሚያውቅ የለም። በየጠዋቱ ከቁስቋም ያመጡትን ጠበል በትንሽ ጣሳ ይቀዱና፣ የሚስታቸውን እጅ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ከጣቷ ጫፍ እስከ ክርኗ ራሳቸው ያሹላታል። ደህና ስትሆን አንድ ጊዜ፣ ሲብስባት ሁለት ጊዜ። እጇን እንዳታብሰው ይነግሯታል፤ በረከቱ እንዲደርቅባት እንጂ በፎጣ እንዲሄድ አይፈልጉም።

«ጠበል ቀብቻት ወዲያው የጋገረች ቀን ነው የሚብስባት» አሉ በመጨረሻ። «መውጫው ስለደረሰ ነው፣ በሽታው ሲለቅ ይታገላል ብዬ ነበር። እና አሁን ጠበሉ ላይ ልትመጪብኝ ነው?»

«አስተግፊሩላህ! እኔ በጠበሉ ላይ ምን አገባኝ? እርስዎ በእምነትዎ ይቀቧቸው። ግን ውሃ ያው ውሃ ነው አባባ፤ የእናንተም የእኛም። እኔ ቤት እናቴ ውዱእ አድርጋ በእርጥብ እጇ ማብሪያውን ልትነካ ስትል ስንት ጊዜ ጮኼባታለሁ። ‹ለሶላት የታጠብሽው ሞት ፍለጋ አይደለም› እላታለሁ። ቆዳ ሲደርቅ ትንሽ ይከላከላል፤ ሲረጥብ ግን በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል።»

«እኔ…» አሉ አቶ ዓምሃ። «እኔ ነኛ በሩን ስከፍት የኖርኩት።»

«እርስዎ እጃቸውን በፍቅር ሲያሹ ነው የኖሩት። ይሄን የሚያውቅ ማን አለ? ቃሉም አታለለዎት። ነርቭም ይነዝራል፣ ኤሌክትሪክም ይነዝራል። ሐኪሙ ‹ይነዝረኛል› ሲባል ኦቭን ከየት ያስባል? እትዬ አሁን ምን እየሠሩ ነው?»

ይህን ስትጠይቅ አቶ ዓምሃ የነገ እንግዳቸው ትዝ አላቸው። ሩታ ነገ ከሐዋሳ ትመጣለች፤ አንድ ዓመት ያልሞላውን ልጇን ይዛ። ለእሷ አቀባበል የዓለምወርቅ ድፎ ልትጋግር ሊጡን ማለዳ አቡክታለች። እሳቸው ከቤት ሲወጡ እጇን ቀብተዋታል፤ አላበሰችውም።

«ይደውሉላቸው» አለች ረይሃና። «አሁኑኑ።»

«ምን ብዬ? ኦቭኑን እንዳትነኪ ብላት ትስቅብኛለች። የገጠምኩት እኔ ነኝ!»

«ይሳቁ። ስቀው ይኑሩ።»

ስልኩ ጠራ። ጠራ። ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ። አቶ ዓምሃ ዳግመኛ ደወሉ። ጠራ፤ አሁንም የሚያነሳ የለም። ከኋላ ቆሞ ሲያጉረመርም የነበረው ጎልማሳ እንኳ ነገሩ ገብቶት «አባቴ፣ በእኔ ስልክ ልሞክርልዎት?» አለ። በሦስተኛው ጥሪ መሃል ላይ ድምፅ ተሰማ።

«አቤት! ምነው ቤት ተቃጠለ?»

«ዓለሜ! የት ነበርሽ?»

«ኮባ ልቆርጥ ጓሮ ነበርኩ። ኦቭኑን ለኩሼዋለሁ፣ እስኪግል ነው።»

«ስሚኝ። ኦቭኑን እንዳትነኪው። ላጥፋውም እንዳትይ።»

«እንዴት? ሊጡ ኩፍ ብሎ ሊፈስ ነው እኮ ሰውዬ!»

«ይፍሰስ! እጅሽን በደረቅ ጨርቅ አድርቂ፤ ጫማሽን አድርጊ። በረንዳው ላይ ቆጣሪው ሥር ያለውን ብሬከር ወደ ታች አድርጊውና ደጅ ተቀመጪ። ጠበሉንም አብሺው። አዎ፣ እኔ ነኝ አብሺው ያልኩሽ! እስክመጣ ማድ ቤት አትግቢ።»

«ዓምሃዬ፣ ደህና ነህ?» አሉ ወይዘሮ የዓለምወርቅ።

«አንቺ ደህና ከሆንሽ ደህና ነኝ» አሉና ስልኩን ዘጉ። ሰልፉ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ሌላ አቅጣጫ ተመለከተ፤ ሽማግሌው ዓይናቸውን እስኪያብሱ ድረስ።

ቤት ሲደርሱ ወይዘሮ የዓለምወርቅ ደጃፉ ላይ በበርጩማ ተቀምጠው ነበር፤ ጫማ አድርገው፣ እጃቸውን ጨርቅ ጠቅልለው፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ።

«ይኸው እንደታዘዝኩት ነኝ» አሉ። «ረይሁዬ፣ ምን ብለሽ አሳበድሽብኝ? ጤነኛ ነበር የሄደው።»

ረይሃና ጎንበስ ብላ ጉንጫቸውን ሳመች። «አንድ አፍታ ይታገሱኝ እትዬ። ማድ ቤት ማንም እንዳይገባ።»

ብሬከሩን መልሳ አበራች፤ የላስቲክ ጫማዋን እንዳደረገች ገባችና ከቦርሳዋ ቴስተር አወጣች። ቴስተር ማለት ጭራው ላይ ጤፍ የምታክል መብራት ያለችው ቀጭን ካቻቪቴ ናት። ጫፏን ወደ ኦቭኑ በር አስጠጋቻት። መብራቷ ቦግ አለች። ጎኑ ላይ አስነካቻት፤ አሁንም ቦግ። አቶ ዓምሃና የዓለምወርቅ በሩ ላይ ትከሻ ለትከሻ ቆመው ያችን ቀይ ነጥብ አዩ። እዚህ ላይ ብዙ ቃል አያስፈልግም ነበር። ሠላሳ ቀን የታሸ እጅ፣ ሦስት ጊዜ የተገዛ መድኃኒት፣ ሁሉም ያቺ ነጥብ ውስጥ ነበሩ።

ረይሃና ብሬከሩን አጠፋች፤ የኦቭኑን ስፒና ነቀለች፤ ሶኬቱን ፈታ መረመረች። ከዚያ ራሷን ነቅንቃ «አባባ፣ ችግሩ ሁለት ነው» አለች። «አንደኛው፣ ቤቱ መሬት የለውም።»

«ምን አልሽ?»

«ቤቱ መሬት የለውም።»

አቶ ዓምሃ ቀጥ ብለው ቆሙ። ጉለሌ ውስጥ ይህን ቃል ሰምቶ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው የለም። «ማን ነው ያለው? ክፍለ ከተማው ነው? ይሄ ቤት ካርታ አለው! አርባ ሁለት ዓመት የኖርኩበት ይዞታ ነው! ቆይ፣ ፋይሉን ላምጣልሽ፣ ማኅተሙን ታያለሽ…»

«አባባ! አባባ ኧረ…»

«የለም የለም፣ ታያለሽ!» ብለው ወደ ጓዳ ሲያቀኑ የዓለምወርቅ በሳቅ ግድግዳው ላይ ተደገፉ። ረይሃናም አልቻለችም፤ ቴስተሩን እንደያዘች ቁጢጥ ብላ ሳቀች። ሳቁ ሲያልፍላት አስረዳች፤ መሬት ያለችው የኤሌክትሪክ መሬት ነው። በጤነኛ ቤት ውስጥ ሦስት ሽቦ አለ። አንዱ ያመጣል፣ አንዱ ይመልሳል። ሦስተኛው፣ ቢጫና አረንጓዴው፣ ደጅ ከተቀበረ የመዳብ ዘንግ ጋር ይያያዛል። የዕቃው ውስጥ ተበላሽቶ ኤሌክትሪክ ወደ ገላው ሲሾልክ፣ በሰው እጅ በኩል ከሚወርድ በዚያ ሽቦ በኩል ወደ መሬት እንዲወርድ ነው።

«ይሄ ቤት ሲሠራ ዘንጉ አልተቀበረም። የድሮ ቤት ሁሉ እንደዚሁ ነው፤ የእኛም ነበር። ሁለተኛው ችግር ደግሞ ይኸው።»

ስፒናውን ከፍታ አሳየቻቸው። ሁለት ሽቦ ታስሯል። ሦስተኛው፣ ቢጫና አረንጓዴው፣ ከሥሩ ተቆርጦ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል። አጠቃለሉ ንጹሕ ነው፣ ጥንቅቅ ያለ፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ጎማ ሲለጥፍ የኖረ እጅ የሠራው መሆኑን ለማወቅ መጠየቅ አያሻም።

«ስፒናው ባለ ሦስት እግር ነበር» አሉ አቶ ዓምሃ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «የእኛ ሶኬት ሁለት ቀዳዳ ነው። ቆርጬ በባለ ሁለት ቀየርኩት። ያ ሽቦ… ትርፍ መሰለኝ። ካለሱም ይሠራል፤ ሞክሬው ሠርቷል እኮ!»

«ካለሱም ይሠራል፤ አዎ። አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎትና በሙያዎ ይመልሱልኝ። የመኪና ጎማ በስንት ቡሎን ይታሰራል?»

«እንደ መኪናው ነው። አራት አለ፣ አምስት አለ፣ ስድስት አለ።»

«አምስት ያለውን በአራት ቢያስሩት ይሄዳል?»

«ይሄዳል።»

«ታዲያ አምስተኛው ትርፍ ነው?»

አቶ ዓምሃ የጥያቄው መድረሻ ገና ሳይነገራቸው ገባቸው። በሥራ ዘመናቸው ስንቱን ሾፌር በዚህ ተቆጥተዋል! «አንድ ቡሎን ጠፍቶብኛል፣ ይሁን፣ እሰርልኝ» የሚላቸውን «ቤተሰብ ጭነህ ትሄዳለህ፣ እኔ እጄን አላስነካም» ብለው መልሰዋል። መኪናው ሜዳው ላይ እንደሚሄድ ያውቃሉ። አምስተኛው ቡሎን ለሜዳው አይደለም፤ ቁልቁለት ላይ ጎማው ሲጨነቅ ነው የሚፈለገው።

«እኔ» አሉ፣ በበሩ መቃን ላይ እጃቸውን አሳርፈው፣ «ለማላውቀው ሾፌር ያልሠራሁትን ለሚስቴ ሠራሁላት።»

የዓለምወርቅ ወደ ባላቸው ተጠጉና ክንዳቸውን ያዙ።

«ቆይ፣ በሽታዬ አንተ ነህ ማለት ነው? እኔ እኮ እጄ ሊሞት ነው ብዬ ማልቀስ ብቻ ቀርቶኝ ነበር። ታዲያ ጤነኛ ነኛ! አንተ ደስ አይልህም?»

«ልገድልሽ ነበር እኮ ዓለሜ።»

«አልገደልከኝማ። ደሞ ስትገጥመው ‹ትርፉን ቆርጬ ጣልኩት› ብለህ ስትነግረኝ ‹ጎበዝ› ያልኩህ እኔ ነኝ። ሁለታችንም አላወቅንም። አሁን ዐወቅን። ረይሁ፣ ምን እናድርግ?»

ረይሃናም ሳትቸኩል ነገረቻቸው። ኦቭኑ ውስጥ የሚግለው ብረት ሳይሰነጠቅ አልቀረም፤ ይቀየራል። ግቢው ውስጥ የመዳብ ዘንግ ይቀበራል። ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ሶኬቱም ባለ መሬት ይሆናል። ኦቭኑ ብዙ ስለሚስብ ከሌላ ዕቃ ጋር ዲቫይደር ላይ አይሰካም፤ የራሱ ወፍራም ሽቦ ይሳብለታል። ቆጣሪው አጠገብ ደግሞ ሌላ ዓይነት ብሬከር ይገባል።

«ብሬከርማ አለን» አሉ አቶ ዓምሃ።

«ያለው የሚጠብቀው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። ሰው ሲያዝ አያይም። አዲሱ ጥቂት ኤሌክትሪክ እንኳ መንገድ ሲስት ዓይን ሳይርገበገብ ያጠፋል። ላዩ ላይ ትንሽ ቁልፍ አለው፤ በየወሩ ይጫኑታል፣ ጠፍ ካለ ነቅቷል ማለት ነው።»

«ሰው ተይዞ ብንደርስስ?» አሉ የዓለምወርቅ።

«እሱን እንኳን ጠየቁኝ። ፍቅር ያታልላል፤ ሰው ሮጦ ነው የሚያቅፈው፣ ከዚያ ሁለት ይሆናሉ። እንዳይነኩት! መጀመሪያ ወደ ብሬከሩ። ብሬከሩ ሩቅ ከሆነ ደረቅ ነገር ላይ ቆመው በደረቅ እንጨት ገፍተው ያላቁታል። ኦቭኑ ቢጨስ ወይ ቢቃጠልም ውሃ አይደፉበትም፤ ማጥፋት ብሬከሩን ነው። ከሁሉ በፊት ግን፣ አንድ ዕቃ በትንሹ እንኳ ከነዘረ፣ ‹ትንሽ ናት› አይባልም። ያኔውኑ ጠፍቶ ባለሙያ እስኪያየው አይነካም።»

«ሊጤስ?» አሉ የዓለምወርቅ በድንገት፣ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው።

ሊጡ ከትሪው ጠርዝ አልፎ ሊፈስ ነበር። ረይሃና ትሪውን ከነኮባው ተሸክማ በአጥሩ በር ወደ እናቷ ወደ ጀዊሪያ ማድ ቤት ገባች፤ አቶ ዓምሃ ከኋላ ከኋላ «ቀስ፣ ቀስ» እያሉ። ድፎው በጎረቤት ኦቭን በሰለ። ሩታ በማግስቱ መጥታ ስትቆርሰው ልዩነቱን አላወቀችም። ልጇ ግን ዕቃ እየያዘ መቆም ጀምሮ ነበርና፣ ድሆ ሄዶ በባዶ እግሩ ለመቆም የኦቭኑን በር እጀታ ያዘ። ኦቭኑ ከትናንት ጀምሮ ተነቅሏል። ሆኖም አቶ ዓምሃ ሕፃኑን አፈፍ አድርገው ደረታቸው ላይ አስጠጉት።

ሥራው ስምንት ቀን ፈጀ። ጉድጓዱን አቶ ዓምሃ ራሳቸው ቆፈሩ፤ ረይሃና ዘንጉን ቀበረች፣ ሽቦውን ዘረጋች። እሳቸው ካቻቪቴ አቀባይ ሆኑ እንጂ አንዲት ነገር አልነኩም፤ ለዚህ ሰው ይህ ትንሽ ለውጥ አይደለም። ረይሃና በቴስተሯ ደጋግማ ኦቭኑን ስትነካ መብራቷ ጨልማ ቀረች። የነርቭ መድኃኒቱ ተቋረጠ፤ ሐኪሙም ነገሩን ሲሰማ «ከእንግዲህ በሽተኛ ሁሉ ምን ሲነካ እንደሚያመው እጠይቃለሁ» ብሎ አመሰገናቸው። አቶ ዓምሃ ጠዋት ጠዋት የሚስታቸውን እጅ መቀባቱን አልተዉም። አሁን ግን ከጸሎቱ በኋላ ፎጣ ያቀብሏታል፤ ጫማዋንም እግሯ ሥር ያኖራሉ።

በወሩ መጨረሻ የእድሩ ስብሰባ ነበር። ሊቀመንበሩ አቶ ያዕቆብ ስለ ድንኳኑና ስለ ወንበሩ ከተናገሩ በኋላ «ሌላ ጉዳይ ያለው?» ሲሉ አቶ ዓምሃ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሱ። ሚስታቸው ከሴቶቹ በኩል፣ ረይሃና ከአባቷ አጠገብ ተቀምጠዋል።

«ወንድሞቼ፣ እህቶቼ» አሉ። «ይሄ እድር ስንቱን በክብር ቀብሯል። ባለፈው ወር የዓለምወርቅን ድንኳን ልትተክሉ ነበር። ገዳይዋም ከእናንተ ጋር ተቀምጦ ሊያለቅስ ነበር፤ እኔ ነበርኩ።»

ማንም አልሳቀም። ሁሉንም ነገሯቸው፤ ቃል አላስቀሩም። ስለ ተቆረጠው ሽቦ፣ ስለ በርባሶው፣ ስለ እርጥቡ እጅ። ከዚያ ምን እንዳተረፉ ዘረዘሩ፤ ሚስቴ ጤነኛ ናት፣ እንቅልፌ ተመለሰ፣ የልጅ ልጄ ቤቴ ውስጥ እንዳሻው ይድሃል። «ያሳፍራል፤ ሽማግሌ ተነስቶ አላወቅኩም ሲል ያሳፍራል። ግን እድራችን የሚሰበሰበው ሁልጊዜ ሰው ከሞተ በኋላ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ከመሞቱ በፊት እንሰብሰብ። ስፒናችሁን ክፈቱና እዩ አልላችሁም፤ እኔ ከፍቼ ያደረግኩትን ሰምታችኋል። የሚያውቅ ሰው ጠርታችሁ አሳዩ። ይቺ ልጅ እዚሁ ናት።»

ከወደ ኋላ አቶ ባጫ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ እንደ ተማሪ ጣታቸውን አወጡ።

«እኔ… ማለቴ፣ ፍሪጄን ስከፍት ክንዴን ቆንጠጥ ያደርገኛል። ከእርጅና መስሎኝ ለማንም አልተናገርኩም። አሁንም ቤት ውስጥ ባለቤቴ አለች።»

አቶ ያዕቆብ የስብሰባውን ደብተር ዘጉት። ሌላ ጉዳይ ያለው እንዳለ ዳግመኛ አልጠየቁም።

«ስብሰባው አልቋል» አሉ፣ ከዘራቸውን እያነሱ። «ረይሃና፣ ቅደሚ። ሁላችንም አቶ ባጫ ቤት ነን።»